ያልተላጨው ቄሳር

ጋሼ ታፈሰ ማረፉን የነገረችኝ ልጁ ሩት ናት። ጠዋት ጺሜን ልላጭ ፊቴን አረፋ ቀብቼ መስታወት ፊት ቆሜ ሳለ ኮል አደረገችኝ። የሩት አማርኛ በደህናውም ቀን ይሰባበራል፤ የዚያን ቀን ጨርሶ ጠፋባት። "ደሬ፣ ዳዲ... ሂ ፓስድ" አለች። ስልኩ ሲዘጋ አረፋውን በውኃ ታጠብኩና ምላጩን ወደ ቦታው መለስኩት።

ይህን ያደረግሁት አስቤበት አይደለም። እጄ ነው ያደረገው። እጄን ደግሞ ያስተማረው ራሱ ሟቹ ነው።

ጋሼ ታፈሰ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ ክሊቭላንድ አቬኑ ላይ፣ በጎማ ቤትና በስልክ ጠጋኝ መካከል የተሸጎጠች ጸጉር ቤት ነበረው። ሁለት ወንበር ብቻ ናት። አንደኛው የእሱ ነው፤ ሁለተኛውን እኔ ተከራይቼ ለብዙ ዓመት ጎን ለጎን ሠራን። አንቱታ አይወድም ነበር። "አንቱ ስትለኝ ጸጉሬ ይሸብታል" ይላል፤ ጸጉሩ ግን እኔ ሳላውቀው ገና ሸብቶ ያለቀ ነው። ስለዚህ ሁላችንም ጋሼ እያልን አንተ እንለዋለን።

ደግ ሰው ነበር ብዬ አልጀምርም፤ ለሟች ሁሉ የሚባል ነገር ነው። ቁጡ ነበር። ደንበኛ ስልኩን አውጥቶ የአንድ ኳስ ተጫዋች ቁርጥ ሲያሳየው "የሰው ራስ አታሳየኝ፤ የራስህን አዙር" ብሎ አንገቱን ይጠመዝዘዋል። ሙዚቃ አያስከፍትም። ወሬ ግን ይፈቅዳል፤ ወሬውን የሚመራው እሱ እስከሆነ ድረስ ማለቴ ነው።

ከሌላው ጸጉር አስተካካይ የሚለየው መሳቢያው ነው። ማበጠሪያውና ምላጩ ከሚቀመጡበት በታች ያለውን መሳቢያ ሲስበው፣ ጥቁር ጨርቅ ላይ የተደረደሩ የጥንት ሮማውያን የብር ሳንቲሞች ይታያሉ። ጥፍር የሚያህሉ፣ ጠርዛቸው ክብነቱን ያልጠበቀ፣ አንዳንዶቹ ከመታሸት ብዛት አፍንጫ ብቻ የቀራቸው። የጀመረው ጠገራ ብር ፍለጋ ነው። እናቱ አንገቷ ላይ የምታስረው ጠገራ ነበራት አሉ፤ እሱን የሚመስል ለማግኘት እሑድ እሑድ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ወደሚዘረጋው የሳንቲም ገበያ ይሄዳል። አንድ ቀን ጠገራውን፣ ማርያ ቴሬዛን፣ ሊገዛ ሄዶ ቄሳር ይዞ ተመለሰ።

ዲናር የሚባለው ነገር ይኸው ነው። የቄሳርን ለቄሳር እየተባልን ያደግንበት ሳንቲም። እኛ መልኩ የማን እንደሆነ ስንጠይቅ፣ ጋሼ ታፈሰ ለዚያ ግድ አልነበረውም። የእሱ ጥያቄ አንድ ነው፤ "ይህን ጸጉር የቆረጠው ማን ነው?"

ነገሥታቱን ሁሉ የሚያውቃቸው በቁርጣቸው ነው። ኔሮንን አይወደውም፤ ግንባሩ ላይ ጸጉሩን እንደ ደረጃ አስደርድሮ ቆሟል። "ይሄ ሰውዬ ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ስንት ሰዓት ይፈጅ ነበር? አገር መቼ ሊያስተዳድር ነው?" ይላል። ሀድሪያን ሙሉ ጺም ያሳደገ የመጀመሪያው ነው ሲባል ሰምቶ "ጉንጩ ላይ ጠባሳ አለው ማለት ነው" ብሎ ፈረደበት። ፋውስቲና የምትባል ንግሥት አለች፤ ሹሩባዋን አናቷ ላይ ጠምጥማ የከመረች። እሷን ሲያይ ለሴት ደንበኞች ባለመሥራቱ የሚቆጭ ይመስል ዙሪያዋን በጣቱ ይዳስሳል። ወደ መጨረሻዎቹ ወታደር ነገሥታት ሲደርስ ሁሉም በማሽን ቁጥር አንድ የተላጩ ናቸው። በእነሱ ዘመን ሳንቲሙ ውስጥ ያለው ብር እያነሰ፣ መዳብ እየበዛ ሄዷል። "አየህ" ይለኛል፣ "ብሩ ሲያንስ ጸጉሩም አጠረ። መንግሥት ሊወድቅ ሲል ጸጉር አስተካካይ ነው ቀድሞ የሚያውቀው።" ግማሹ ፈጠራ ነው። እኔም አምኜ አላውቅም፤ ግን ደንበኛ ሲጠፋ ከመተኛት ይሻላል።

ከሁሉም የሚሳሳላት አንዲት ዲናር ነበረች። አንድ ወጣት ፊቱን ወደ ቀኝ አዙሮ ይታያል፤ ጉንጩንና አገጩን ይዞ ስስ ጺም አለው። ነጋዴው ሲሸጥለት "ልጁ አድርጎ የተቀበለው ዩልዮስ ቄሳር ተገድሎበት ነው፤ የሐዘን ጺም ነው ይባላል" ቢለው፣ ጋሼ "መቼ ጠፋኝ" አለው አሉ። በጀርባዋ ለሟቹ የተሠራ ቤተ መቅደስ አለ፤ ከጣሪያው ሥር ኮከብ ተቀርጿል። "ፊቱ ላይ ሐዘኑ፣ ጀርባው ላይ ተዝካሩ" ይል ነበር።

ጋሼ ባደገበት አገር ሰው የሞተበት ወንድ ጺሙን አይነካም። አርባው ወይም ተዝካሩ ሲያልፍ ሰዎች መጥተው ይወስዱታል፤ "በቃህ" ይሉታል፤ ተቀምጦ ይላጫል። ሐዘንተኛ ራሱን አይላጭም። "ላጩኝ" ብሎ መጠየቅማ ነውር ነው፤ ሟቹን የሰለቸ ያስመስላል። ይህን ሥርዓት ጠቅልሎ ኮሎምበስ አመጣው። መጋዘን የሚሠራው፣ መኪና የሚነዳው፣ ከሊንደን ሰፈር በባስ የሚመጣው ሐዘንተኛ ሁሉ በሰው ተይዞ እዚያች ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጋሼ የሐዘን ጺም በክፍያ አይላጭም። መጀመሪያ መሳቢያውን ይስብና ያችን ዲናር መዳፉ ላይ ያኖርለታል። "ይሄ ሰውዬ ማንም አልመጣለትም፤ እንደዚሁ ቀረ። ለአንተ ግን መጥተውልሃል" ይለዋል። ከዚያ ይላጨዋል። ሲጨርስ አንገቱን በፎጣ ጠርጎ "በቃ፤ አሁን ወደ ሰው ተመለስ" ይለዋል። ትልልቅ ወንዶች ወንበሯ ላይ ሲያለቅሱ አይቻለሁ። እኔ በዚያን ጊዜ መቀሴን የማጸዳ መስዬ ፊቴን አዞራለሁ።

ናታንን ያወቅነው በዚሁ ሥርዓት ስህተት ነው። እዚሁ የተወለደ፣ ኮሌጅ ጨርሶ የኮምፒውተር ሥራ የያዘ ወጣት ነው። አንድ ቅዳሜ ጥቁር ሸሚዝ ለብሶ፣ ጺሙ ደረቱ ሊደርስ ምንም ሳይቀረው፣ እንቅልፍ ባጣ ዓይን ገባ። ጓደኛው ነበር ይዞት የመጣው። ጋሼ ታፈሰ የያዘውን ደንበኛ ትቶ ተነሣ።

"እግዜር ያጥናህ ልጄ" ብሎ በሁለት እጁ ጨበጠው።

"ታንክ ዩ" አለ ናታን፤ ሌላ ምን ይበል።

አስቀመጠው፤ ጨርቁን አለበሰው፤ ዲናሯን መዳፉ ላይ አኖረለት፤ የተለመደውን ነገረው። ልጁ አማርኛ ይሰማል፤ ሲናገር ነው የሚያጥረው። ትልቅ ሰው አዝኖ ሲናገር አይቋረጥም እየተባለም ነው ያደገው። ስለዚህ ሳንቲሟን ጨብጦ ተቀመጠ። ጋሼ የግራ ጉንጩን ጠራርጎ ጨርሶ "ማን ነው የሞተብህ?" ብሎ ሲጠይቀው ነው ነገሩ የገባው።

"ማንም አልሞተም!" አለ። "ኢትስ ጀስት ኤ ቢርድ፣ ጋሼ!"

ጋሼ ምላጩን እንደያዘ ግማሹን ፊት አየ፤ ሌላውንም ግማሽ አየ።

"ታዲያ ለምን አሳደግኸው?"

"ስታይል ነው።"

"እናት አባትህ አሉ?"

"የስ። ሁለቱም።"

"እንኪያስ ጺም ምን ያደርግልሃል? ዕድሜ ይስጣቸው!" አለና ቀኙንም ላጨው። ይቅርታ የሚባል ነገር አልወጣውም። እኔ ከሣቅ ብዛት የደንበኛዬን ጆሮ ልቆርጠው ምንም አልቀረኝም። ናታን ሁለተኛ እግሩን ወደዚህ አያነሣም ብለን ነበር፤ በሳምንቱ መጣ። ሳንቲሟን ደግሜ ልያት ነው አለ።

ከዚያ አንድ ክረምት የጋሼ ባለቤት እትዬ ጽጌ ሞተች። ብዙ አልታመመችም። ሰው የሚገባውን አደረገ፤ ቤቱ ሞላ፣ ምግብ መጣ፣ ከሥራ ፈቃድ የወሰደም ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ማንም አይታማም። ችግሩ ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ አገር ሺፍት የሚባል ነገር አለ፤ ሐዘንም ደስታም በሺፍት ነው።

ጋሼ ወደ ሥራው ሲመለስ ጺሙን ይዞ ተመለሰ። አርባው አለፈ። ተዝካሯ አለፈ። ጺሙ ነጭ ሆኖ ወረደ። መንገድ ላይ የሚያዩት አሜሪካኖች "ናይስ ቢርድ!" ይሉታል። ከመጋዘን የሚመጡት ጎረምሶች "ጋሼ፣ ሞዴል ልትሆን ነው እንዴ?" ይሉታል። እሱ ፈገግ ብሎ ወደ ሥራው ይመለሳል። የሌላውን ሐዘንተኛ ጺም መላጨቱን አልተወም፤ ዲናሯን ማሳየት ግን ተወ። የራሱን ወንበር ከመስታወቱ ፊት አዞረው።

ጭንቁ የሩት ነበር። ሠርጓ እናቷ ስትሞት ተላልፏል፤ ሁለተኛው ቀን ደግሞ እየቀረበ ነው። ጋሼ በሐዘን ጺም ሠርግ ቤት አይገባም። እንዲህ ብሎ ነገራት፤ ለምን እንደማይላጭ ግን አልነገራትም። አንድ ቀን ሱቁ ድረስ መጥታ ሰው ፊት ለመነችው።

"ዳዲ፣ ፕሊስ። ኢትስ ቢን ኦቨር ኤ ይር፤ ዓመት አለፈ እኮ። ያላንተ ማን ይድረኛል?"

"ልጄ፣ እኔ ምን ላድርግ" አላት።

"ጀስት ሼቭ ኢት፣ ተላጨው በቃ! ዩ አር ኤ ባርበር!"

"አይሆንም፣ ሩቴ። እንዲህ አይደረግም።"

በሩን በኃይል ዘግታው ስትወጣ የበሩ ደወል ለብዙ ጊዜ ጮኸ። ጋሼ የመቀሱን ብሎን ሲያጠብቅ ቆየ፤ ብሎኑ ግን የላላ አልነበረም። እኛ እርስ በርሳችን የምንባባለው አንድ ነው። ሰውዬው ሐዘኑን ወዶታል። ሚስቱን አልለቅም ብሏል። ሙያው በእጁ ነው፤ ሲበቃው ይላጫል፤ ጸጉር አስተካካይን ማን ይላጨዋል?

ሠርጉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ቅዳሜ ነው፣ ተረኛው ሁሉ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ናታን ሳንቲሟን ከመሳቢያው አውጥቶ በስልኩ ላይ የሆነ ነገር ይፈልጋል።

"ጋሼ" አለ። "ይሄ ሰውዬ... ያው ሰውዬ ነው። ሌተር፣ በኋላ።"

ጋሼ መነጽሩን ከግንባሩ አወረደ። ስልኩ ላይ ሌላ ዲናር አለ። ያው አፍንጫ፣ ያው ግንባር ላይ የወደቀ ጸጉር፤ ጉንጩና አገጩ ግን ልሙጥ ነው።

"ተላጭቷል" አለ ጋሼ።

"አዎ። በኋላ ስሙን ቀየሩት። አውግስጦስ ሆነ።"

"አውግስጦስ ቄሳር? የገናው?"

"አይ ቲንክ ሶ።"

በየዓመቱ በገና ስሙ ሲጠራ የሚሰማው ንጉሥ፣ ይህን ሁሉ ዘመን መሳቢያው ውስጥ ሐዘን ተቀምጦ ኖሯል። ጋሼ ስልኩን ከልጁ እጅ ወስዶ ወደ ዓይኑ አስጠጋው።

"ማን ወሰደው?" አለ።

"ወዴት?"

"ወደሚላጨው ነዋ። ማን መጥቶ በቃህ አለው?"

"አይ ዶንት ኖው። ሰው መምጣት አለበት እንዴ? ራሱ አይላጭም?"

"ሐዘንተኛ ራሱን አይላጭም።"

ናታን ሳንቲሟን አየ። የጋሼን ጺም አየ። ከዚያ እኛ የአገሩን ወግ እናውቃለን የምንል ሰዎች አንድ ዓመት ሙሉ ያልጠየቅነውን ጠየቀ። "ሶ ጋሼ... አንተን ማን ይወስድሃል?"

ጋሼ ስልኩን መለሰለት። የዘገየ ባስ የሚጠብቅ ሰው በሚናገርበት ድምፅ፣ "እሱን ነው የምጠብቀው" አለ።

የያዝኩትን ማሽን አጠፋሁ። ከግድግዳው ሥር አንድ በዕድሜ የጋሼ እኩያ የሆኑ ሰው፣ መጋዘን ውስጥ የዕቃ ማንሻ ፎርክሊፍት ነጂ ናቸው፣ ተነሥተው ክንዱን ያዙት። "ታፈሰ፣ በቃህ" አሉት። ሌላውም ተነሥቶ "በቃህ" አለው። ጎረምሶቹም እየተነሡ "ጋሼ በቃህ" አሉት። በእጅ ተይዞ ሦስት እርምጃ የማትርቀው የራሱ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እኔ ወንበሩን ወደ መስታወቱ መለስኩትና ጨርቁን አለበስኩት። ናታን ዲናሯን መዳፉ ላይ አኖረለት።

እያለቀሰ ነው የተላጨው። እያለቀሰ ደግሞ ይቆጣኛል። "ምላጩን አታቁመው!" "አገጭ ጋ ስትደርስ ወደ ላይ አትሳብ፣ ስንቴ ነግሬሃለሁ!" እኔም አለቀስኩ፤ በዚያን ቀን የማጸዳው መቀስ አልነበረኝም። ከጺሙ ሥር የወጣው ፊት ከማውቀው ያነሰ ነበር። አንገቱን በፎጣ ጠርጌ፣ እሱ የሚለውን አልኩት። ሱቁ ውስጥ ያን ያህል ሰው እያለ፣ የሚሰማው የጎማ ቤቱ አየር መሙያ ብቻ ነበር።

ሩትን ዳራት። እስክስታው ከጸጉር ሥራው በብዙ ያንስ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ሠራን። ዲናሯን ለሐዘንተኛ ማሳየቱን ቀጠለ፤ የሚለውን ግን ለወጠ። "ይሄ ሰውዬ ዘግይተው ነው የመጡለት" ይል ጀመር። "መጥተዋል ግን።" አንድም ቀን "ረስታችሁኝ ነበር" ብሎ አልወቀሰንም። ለትንሹ ነገር የሚቆጣ ሰው ለትልቁ ዝም ማለቱ እስካሁን ይገርመኛል።

ሲሞት እንግዲህ እኔ ጺሜን አሳደግሁ። ዘመዴ አይደለም፤ ሥርዓቱ ለወንበር ጎረቤት ይሠራ እንደሆነም የምጠይቀው እሱን ነበር። ሱቁን ይዤ ሥራዬን ቀጠልኩ። ደንበኞች "ደሬ፣ አማረብህ" ይሉኛል። አርባው ዕለት ሩት ያችን ጥቁር ጨርቅ ጠቅልላ አምጥታ ሰጠችኝ። "ላንተ ነው ብሏል" አለችኝ።

ሱቅ ገብቼ ፈታሁት። ጺማሙ ወጣት በቦታው አለ። ከአጠገቡ ደግሞ አንድ የማላውቀው ዲናር ተቀምጧል። ያው አፍንጫ፣ ያው ግንባር፣ ልሙጥ አገጭ። መቼ ሄዶ እንደገዛው አላውቅም፤ ለማንም አልተናገረም። ሁለቱን ፊት ለፊት እንዲተያዩ አድርጎ ነበር ያስቀመጣቸው። እንዲሁ እንዳሉ መሳቢያው ውስጥ መለስኳቸው። ያን ጊዜ በጣም ናፈቀኝ።

በማግስቱ ቅዳሜ በሩ ተከፈተ። ናታን ነው፤ ያ ፎርክሊፍት የሚነዱት ሽማግሌም አብረውት አሉ፣ ሌሎችም። ናታን ጺሙን መልሶ ካሳደገ ቆይቷል፤ ለስታይል ይሁን ለሐዘን ግን የዚያን ቀን አልጠየቅሁትም።

"ደሬ፣ በቃህ" አሉ ሽማግሌው ክንዴን ይዘው።

"ማን ሊላጨኝ ነው?" አልኩ። ጸጉር አስተካካይ እኔ ብቻ ነበርኩ።

"እኔ" አለ ናታን። "ዩቱብ ላይ አይቻለሁ።"

ተቀመጥኩ። መሳቢያውን ስቦ ዲናር መዳፌ ላይ አኖረ፤ የተሳሳተውን ነው ያኖረው፣ የተላጨውን። ጨበጥኩት። ጀመረ። ምላጩን አቆመው። አገጬ ጋ ሲደርስ ወደ ላይ ሳበ፤ ቆረጠኝ። "ሶሪ፣ ሶሪ" እያለ ፎጣ ጫነብኝ። ሲጨርስ አንገቴን ጠረገ። ከዚያ መኪና ውስጥ ደጋግሞ እንዳጠናው በሚያስታውቅ ጥርት ያለ አማርኛ፣ "በቃ፤ አሁን ወደ ሰው ተመለስ" አለኝ።

የሚደማ አገጬን በፎጣ እንደያዝኩ ተመለስኩ።